ፍላሹ አልወስድ ሲል፦ ከባልዲው እስከ ጉድጓዱ

ሽንት ቤቱ ፍላሽ ሲደረግ ውሃው ዞር ዞር ብሎ ከቀረ፣ ወይም ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተጫኑት አልወስድ ካለ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነው። አዲስ የታንክ ዕቃ ይገዛል፣ ይገጠማል፣ ፍላሹ ግን እንደነበረው ይቀጥላል። ሐዋሳ ላይ፣ በተለይ ዝናቡ ሲበረታ፣ ጥፋቱ ታንኩ ውስጥ ሳይሆን ግቢው ጥግ ያለው ጉድጓድ ውስጥ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ምንም ከመግዛትዎና ምንም ከመፍታትዎ በፊት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አሲድ ከመድፋትዎ በፊት፣ አንድ ባልዲ ውሃ ያዘጋጁ።

አንድ ባልዲ ውሃ

ባለ 10 ሊትር ባልዲ ወስደው ከ7 እስከ 8 ሊትር ይሙሉበት። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከወትሮው ከፍ ብሎ ከቆመ በመጀመሪያ በጆግ ይቀንሱት፤ አለዚያ ወለሉ ላይ ይፈሳል። ከዚያ ባልዲውን ከጉልበት ከፍ አድርገው በአንድ ጊዜ፣ በ3 ሰከንድ ገደማ፣ መሀሉ ላይ ይገልብጡት። ማንቆርቆር አይሆንም። ቀስ ብሎ የገባ ውሃ የሲፎኑን (የመቀመጫው ጠመዝማዛ መውጫ) ጉብታ ተሻግሮ ይንሸራተታል እንጂ ቆሻሻውን አይገፋም።

ውሃው ድምፅ አውጥቶ በአንዴ ከወሰደ፣ ከመቀመጫው ወደ ታች ያለው መንገድ ደህና ነው፤ ችግሩ ታንኩ ወይም የጠርዙ ቀዳዳዎች ናቸው። ውሃው እስከ ጠርዙ ድረስ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ከወረደ፣ ሲፎኑ ወይም ቧንቧው ታፍኗል። ከወሰደ በኋላ መቀመጫው ጉር ጉር ካለ፣ ወይም አጠገቡ ያለው የሻወር ወለል መውረጃ አብሮ ከተንቦቀቦቀ፣ ጉዳዩ ከሽንት ቤቱ ወጥቶ ወደ ዋናው መስመር፣ ወደ አየር ማውጫው ወይም ወደ ጉድጓዱ ሄዷል ማለት ነው።

ከባልዲው ጋር አንድ ጥያቄም ይጠይቁ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው? በድንገት ከሆነ የገባ ነገር አለ፤ ልጅ የጣለው መጫወቻ፣ ሞዴስ፣ የሳሙና ቁራጭ። ቀስ በቀስ እየደከመ ከመጣ ቅርፊት፣ ዝቃጭ ወይም ያረጀ ጎማ ነው። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ከሆነ የገጠማ ስህተት ነው፤ ለእሱ መጨረሻ ላይ ያለውን ክፍል ይመልከቱ። ክረምት ክረምት ብቻ ከሆነ ደግሞ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ይሂዱ።

ባልዲው ከወሰደ ታንኩን ይክፈቱ

በቅድሚያ አንድ የተለመደ የተሳሳተ እምነት ይስተካከል። የቧንቧ ግፊት ፍላሹን አያጠነክርም። ፍላሽ የሚያደርገው ታንኩ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ነው፤ ክብደቱና የሚለቀቅበት ፍጥነት ነው ሥራውን የሚሠሩት። ግፊቱ ዝቅተኛ ከሆነ ታንኩ ለመሙላት ይዘገያል እንጂ ከሞላ በኋላ የሚለቀው ውሃ ያው ነው። «ውሃው ጉልበት የለውም» ተብሎ ፓምፕ የተገዛለት ስንት ቤት፣ የሚያስፈልገው 5 ደቂቃ መታገስ ብቻ ነበር።

የታንኩን ክዳን አንስተው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ያስቀምጡ፤ ሴራሚክ ስለሆነ ከግድግዳ ጋር አስደግፈው ከተዉት ተንሸራቶ ይሰበራል። ውሃው የት ድረስ እንደቆመ ይመልከቱ። መሀል ላይ ከቆመው የትርፍ ውሃ መውረጃ ቱቦ አፍ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ታንኩ ሙሉ አይደለም።

ምን ያህል እንደሚለቅ ለመለካት ሃይላንድ ይበቃል። ውሃው የቆመበትን ደረጃ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፣ አንግል ቫልቩን (ወደ ታንኩ የሚገባውን ውሃ የሚዘጋውን ትንሽ ቧንቧ) ይዝጉ፣ ፍላሽ ያድርጉ፣ ከዚያ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ እየሞሉ እስከ ምልክቱ ይጨምሩ። የዘመኑ ታንኮች ሙሉው ፍላሽ 6 ሊትር ነው፤ ሦስት ሃይላንድ መግባት አለበት። ባለ ሁለት ቁልፍ ከሆነ ትንሹ ቁልፍ 3 ሊትር ገደማ ይለቃል፤ እሱ ለሽንት ብቻ ነው። ሁለት ሃይላንድ ብቻ ከገባ የፍላሹ ድካም ምክንያቱ ተገኘ። በፊት ውሃ ለመቆጠብ ተብሎ ታንኩ ውስጥ የተቀመጠ ድንጋይ ወይም ውሃ የተሞላ ጠርሙስ ካለም ያውጡት።

ውሃው ዝቅ ብሎ የቆመው፣ ታንኩ ሲሞላ መግቢያውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ቀድሞ ስለሚዘጋ ከሆነ ማስተካከል ቀላል ነው። በክንድ ላይ ኳስ ያለበት የድሮው ዓይነት ከሆነ ክንዱ ላይ ያለውን ብሎን ያዙሩ፤ ክንዱ ነሐስ ከሆነ ኳሱን ትንሽ ወደ ላይ ቀና ማድረግም ይበቃል። ቀጥ ብሎ የሚቆመው የፕላስቲክ ዓይነት ከሆነ ከጎኑ ያለውን ረጅም ብሎን በካቻቪቴ ያዙሩ፣ ወይም መያዣውን ቆንጥጠው ተንሳፋፊውን ከፍ ያድርጉ። በየግማሽ ዙሩ ፍላሽ እያደረጉ ይመልከቱ። ከቱቦው አፍ ካለፈ ውሃው ሌት ተቀን ወደ መቀመጫው ይፈሳል፤ ቆጣሪው ይቆጥራል፣ ጉድጓዱም ይሞላል።

ታንኩ ለመሙላት ግማሽ ሰዓት የሚፈጅበት ከሆነ ሁለት ነገር ይጠርጥሩ። የመጀመሪያው አሸዋና ዝገት ነው። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ቡናማ ውሃ ነው፤ ያ ውሃ የተሸከመው ደለል ተንሳፋፊው መግቢያ ላይ ባለች የጣት ጫፍ በምታክል ወንፊት ላይ ይከማቻል። አንግል ቫልቩን ይዝጉ፣ ከታች ባልዲ ያስቀምጡ፣ ፍሌክሲብሉን (ከቫልቩ ወደ ታንኩ የሚሄደውን ተጣጣፊ ቱቦ) በቁልፍ ይፍቱ፣ ወንፊቷን በፒንሳ ጫፍ ስበው ያውጡና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠቡ። ከመመለስዎ በፊት ፍሌክሲብሉን ባልዲው ውስጥ አድርገው ቫልቩን ለጥቂት ሰከንድ ይክፈቱ፤ የቀረው ደለል ይወጣል። ፍሌክሲብሉ ጫፉ ላይ ጎሚኒ ስላለው ቴፍሎን አያስፈልገውም፤ በእጅ አጥብቀው በቁልፍ ሩብ ዙር ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲያጠብቁት ፕላስቲኩ ጥርስ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ሮቶው ነው። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ነው። ሮቶው ከታንኩ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ግፊቱ 0.3 ባር ነው ማለት ነው። አንዳንድ ተንሳፋፊዎች በዚህ ግፊት በደንብ አይከፈቱም። ሲገዙ ካርቶኑ ላይ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ መሆኑን ያንብቡ።

ታንኩ ሙሉ ሆኖ ፍላሹ ደካማ ከሆነ ደግሞ መውጫውን ይመልከቱ። ክዳኑን ከፍተው ፍላሽ ያድርጉና ሰዓት ይያዙ። ጤነኛ ታንክ 6 ሊትሩን በ5 ሰከንድ ገደማ ይለቃል፤ 10 ሰከንድ ከፈጀ የሆነ ነገር ይዞታል። የታችኛው ጎማ መክደኛ በሰንሰለት የሚነሳ ከሆነ፣ ሰንሰለቱ ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይላላ። በጣም ከላላ መክደኛው በግማሽ ብቻ ይነሳና ውሃው ሳያልቅ ተመልሶ ይወድቃል፤ በጣም ከጠበቀ አይከድንም። በቁልፍ የሚሠራ ከሆነ ቁልፉን ተጭነው ይዘው ይቆዩ። ተይዞ ሲቆይ በደንብ ከወሰደ፣ ከቁልፉ በታች ያሉት ዘንጎች አጥረዋል፤ ክዳኑን አንስተው ዘንጎቹን ሁለት ሦስት ዙር ያስረዝሙ። የቫልቩ ጎን ላይ ቁጥር ወይም ተንሸራታች ካለ የሚለቀውን ውሃ መጠን የሚወስነው እሱ ነው፤ ከፋብሪካ ሲመጣ ትንሹ ላይ ተደርጎ ሊሆን ስለሚችል ወደ ትልቁ ይውሰዱት።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚያታልል አንድ ጥፋት አለ። የታችኛው ጎማ በትንሹ ሲያፈስ፣ ውሃ ባለበት ሰዓት ታንኩ እየተተካ ስለሚሞላ ማንም አያስተውልም። ውሃ ሲጠፋ ግን የተጠራቀመው ሌሊቱን ሙሉ በዝምታ ወደ መቀመጫው ያልቃል፤ ጠዋት ሲጫኑት ባዶ ነው። ይህን ለማወቅ ቀይ ሥር ቀቅለው የወጣውን ውሃ አንድ ሲኒ ታንኩ ውስጥ ይጨምሩ፣ 30 ደቂቃ ማንም አይጫነው። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ ጎማው ያፈሳል። ጎማውን አውጥተው ይጥረጉት፣ የሚያርፍበትንም ጠርዝ በጨርቅ ያጽዱ። እጅዎ ላይ ጥቁር ቀለም ከለቀቀ ወይም ከደረቀ ይቀይሩት። ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ ባለ 2 ኢንችና ባለ 3 ኢንች አለ፣ በዓይን ግምት ይሳሳታሉ።

ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የፕላስቲክ ታንክ በቧንቧ የሚወርድ ከሆነ መሀል ያለውን ቧንቧም ይፈትሹ። ሰፊ መሆን ያለበት መውረጃ በቀጭን ቱቦ ተተክቶ ከሆነ ታንኩ የቱንም ያህል ቢሞላ አይረዳም። ቧንቧው መቀመጫው ውስጥ በሚገባበት ቦታ ያለው ጥቁር ጎማም ወደ ውስጥ በዝቶ ከተገፋ የውሃውን መግቢያ ግማሹን ይሸፍናል።

የጠርዙ ቀዳዳዎች

ከመቀመጫው ጠርዝ ሥር ዙሪያውን የተደረደሩ ቀዳዳዎች አሉ። ከታች መስታወት ይዘው ይመልከቷቸው። ፍላሽ ሲደረግ ውሃው በአንድ ጎን ብቻ ከወረደ ከፊሉ ተደፍኗል። ውሃው ማዕድን የበዛበት ከሆነ ነጭ ወይም ቡናማ ቅርፊት ይሠራል።

አንግል ቫልቩን ዘግተው ታንኩን ባዶ ያድርጉ። ግማሽ ሊትር አቼቶ በእጅ ጣት ለብ ብሎ እስኪሰማዎት አሙቀው በትርፍ ውሃ ቱቦው ውስጥ ቀስ እያደረጉ ያፍስሱ፤ በቀጥታ ወደ ጠርዙ ቦይ ይሄዳል። ሌሊቱን ይደር። ጠዋት እያንዳንዱን ቀዳዳ በላስቲክ በተሸፈነ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጫፍ ይወጉ፤ ራቁቱን ብረት ሽቦ ሴራሚኩን ይፍቀዋል፣ የተፋቀ ቦታ ደግሞ ቆሻሻ ይይዛል። አቼቶ ባለበት ቀን በረኪና እንዳያስጠጉ። አሲድ ሁሉ፣ አቼቶም ቢሆን፣ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ በጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ደግሞ መሸሻ የለም።

ባልዲው ካልወሰደ

ሲፎኑ ከመቀመጫው ጀርባ የሚጠማዘዘው መንገድ ነው፤ ውሃ ይዞ የሚቆመው ሽታ እንዳይመለስ ነው። አብዛኛው መታፈን እዚህ ይደርሳል።

ሶፍት ወይም ዓይነ ምድር ብቻ ነው ብለው ካመኑ በለዘብታ ይጀምሩ። ግማሽ ሲኒ ላርጎ ያፍስሱ፣ 20 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ ይድፉ። ሙቅ ማለት ለገላ መታጠቢያ ከሚሆነው ትንሽ ከፍ ያለ ነው። የፈላ ውሃ ቀዝቃዛ ሴራሚክ ይሰነጥቃል።

ካልሄደ የጎማ መምጠጫ ይጠቀሙ። ለዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ከሚሆነው ጠፍጣፋ ዓይነት ይልቅ ከሥሩ የጎማ አንገት የሚወጣለት ይሻላል፤ የመቀመጫውን ቀዳዳ በደንብ ይገጥማል። ጎማው ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ይስጠም፤ አየር ከገፉ ጉልበትዎ በከንቱ ነው። የመጀመሪያዋን ግፊት በቀስታ፣ ከዚያ 15 ወይም 20 ጊዜ በፍጥነት ይግፉና ይሳቡ። መሳቡ ከመግፋቱ አያንስም፤ የታፈነው ነገር የሚላላው ወዲያና ወዲህ ሲል ነው። መምጠጫ የሌለው ቤት መወልወያውን በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ በሲባጎ አስሮ ይጠቀማል፤ ይሠራል። እስሩን በደንብ ያጥብቁት ግን፣ ፌስታሉ ውስጥ ከቀረ አዲስ ችግር ፈጠሩ።

ዕቃ የገባበት ሲፎን ከሆነ መግፋት ይብሳል። ሞዴስ ውሃ እየጠጣ ያብጣል፣ መጫወቻ ደግሞ ጠመዝማዛው ላይ ይቀረቀራል። የቧንቧ ስፕሪንግ ሽቦ ከ2 እስከ 3 ሜትር ርዝመት ያለው ያግኙ፤ ጫፉን ወደ ሲፎኑ አስገብተው እጀታውን ወደ ቀኝ እያዞሩ ይግፉ፣ ሲይዝ ሳያዞሩ ቀስ ብለው ይሳቡ።

አሲድ? አይ። ከየሱቁ የሚሸጠው ጠንካራ አሲድ ሞዴስም ፕላስቲክም ዳይፐርም አያቀልጥም። የሚያቀልጠው የወለሉን ሴራሚክ መገጣጠሚያ ነው። ካልሠራ ደግሞ መቀመጫው ውስጥ ተጠራቅሞ ይቆያል፣ ቀጥሎ መምጠጫ ይዞ የሚመጣው ሰው ፊት ላይ ይረጫል። ቀድመው ደፍተው ከሆነ ለቧንቧ ሠራተኛው ሳይጠየቁ ይንገሩት። ኮስቲክ ሶዳም እንዲሁ ነው፤ ከውሃ ጋር ሲገናኝ በጣም ይሞቃል፣ አንድ ቦታ ላይ ከተኛ ፒቪሲውን ያጣምማል።

ማንሆሉ ምን ይላል

መምጠጫው ካልረዳ፣ ወይም ሻወሩና ሽንት ቤቱ አብረው ካስቸገሩ፣ ውጭ ወጥተው ከቤቱ ቀጥሎ ያለውን ማንሆል ይክፈቱ። ይህ አንድ እርምጃ የግምት ሥራን በግማሽ ይቀንሳል። ባዶ ሆኖ ከተገኘ መታፈኑ ከማንሆሉና ከሽንት ቤቱ መሀል ነው። ሞልቶ ከተገኘ መታፈኑ ከማንሆሉ በኋላ ነው፤ ሽንት ቤቱን መነካካት ያቁሙ።

ከማንሆሉ ወደ ቤት በኩል መግፋት ከውስጥ ከመግፋት ይቀላል። ደረቅ ያለ ባለ 1 ኢንች ጥቁር የውሃ ቱቦ ወይም ረጅም ስንጥቅ ቀርከሃ ይበቃል። ጫፉን ለስላሳ ያድርጉት፤ ስለታም ጫፍ የፒቪሲ ክርን (መታጠፊያ) ይበሳል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ከላይ ባልዲ ይድፋ።

እዚህ መስመር ውስጥ ምን ይገኛል? ዋይፕስ በብዛት። ሽፋኑ ላይ «ፍላሽ ይደረጋል» ተብሎ ቢጻፍም እንደ ሶፍት አይበታተንም። የወጥ ቤቱ መውረጃ ከዚሁ መስመር ጋር የተገናኘ ከሆነ ደግሞ የረጋ ዘይት፣ የቡና አተላ፣ ዕቃ ማጠቢያ የሆነ ቃጫ። ዓሣ ያጸዳ ሰው ቅርፊቱንና አንጀቱን ወደ ሽንት ቤት ከደፋ፣ ቅርፊቱ ከዘይቱ ጋር ተጣብቆ እንደ ልስን ይሆናል። ሐዋሳ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

ሌላው ደግሞ ጆግ ነው። ውሃ በጠፋ ጊዜ አንድ ሁለት ሊትር በጆግ እየደፉ መቆየት መቀመጫውን ንጹሕ ያስመስላል፤ ቆሻሻው ግን ሲፎኑን አልፎ ቧንቧው ውስጥ ሁለት ሜትር ሄዶ ይቆማል። ውሃው ይቀድመዋል፣ ደረቁ ይቀራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ውሃ ሲመጣ ፍላሹ «በድንገት» ተበላሸ ይባላል። ለዓይነ ምድር ከ6 ሊትር በታች አይድፉ፤ የልብስ እጥበትን የመጨረሻ ውሃ አጠራቅሞ መጠቀም ይሻላል።

አየር ማውጫውንም በዚሁ ይዩት። ጣሪያ ላይ የሚወጣው ቧንቧ አፉ በወፍ ጎጆ ወይም በፌስታል ከተዘጋ፣ ወይም ጭራሽ ካልተሠራ፣ ውሃው ሲወርድ አየር ፍለጋ የሌላውን ሲፎን ውሃ ይስባል። ምልክቱ ከፍላሽ በኋላ የሚሰማ ጉር ጉርታና ከሻወሩ የሚወጣ ሽታ ነው። አፉ ተዘግቶ ከሆነ ከጠረጉት በኋላ ወንፊት ማሰር በቂ ነው።

ጉድጓዱና የሐዋሳ ክረምት

ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባል ወንዝ ይገባበታል፤ በመሬት ላይ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ዝናብ በበዛ ዓመት ሐይቁ ከፍ ይላል፣ በሐይቁ ዙሪያ ባለው ረባዳ መሬት የከርሰ ምድሩ ውሃም አብሮ ይነሳል። ታቦርና አላሙራ ተራሮች ተዳፋት ላይ ላለ ቤት ይህ ብዙም አያሳስብም። ሐይቅ ዳር ረባዳው ላይ ላለ ቤት ግን ፍላሹ በበጋ የሚወስደው፣ በክረምት የሚያምጸው ለዚህ ነው። ጉድጓዱ ያለበት አፈር ራሱ ውሃ ጠጥቶ ጠግቧል፤ ሌላ የሚጠጣበት ቦታ የለውም።

ክዳኑን ሲከፍቱ ሲጋራም ሻማም ላይተርም አያስጠጉ፤ ከቆሻሻው የሚወጣው ሚቴን ጋዝ ይነዳል። ክዳኑን ለ15 ደቂቃ ክፍት ትተው በጎን ይቁሙ። በምንም ምክንያት ማንም ሰው ወደ ውስጥ አይግባ፤ የወደቀ ቁልፍም፣ ስልክም፣ ዶሮም ቢሆን። ውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰውን በጥቂት ትንፋሽ ይጥላል፣ ሊያወጣው የገባውን ሁለተኛ ሰውም ይደግማል።

አሁን የፈሳሹን ደረጃ ከመግቢያው ቧንቧ ጋር ያስተያዩ። ፈሳሹ ከመግቢያው ሥር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ከቆመ ሴፕቲኩ (ዝቃጩ የሚቀርበት የመጀመሪያው ጉድጓድ) ደህና ነው፤ የመግቢያው ቧንቧ አፍ ላይ የደረቀ አረፋና ቅባት ካለ በረጅም እንጨት ይግፉት፣ አንዳንዴ ጥፋቱ ያቺ ብቻ ናት። ፈሳሹ መግቢያውን ከሸፈነ ሞልቷል። ለምን ሞላ የሚለው ግን ገንዘብ የሚያወጣ ጥያቄ ነው።

ረጅም እንጨት እስከ ታች ይስደዱና ዝቃጩ የት እንደሚጀምር በእጅዎ ይሰሙ፤ ሲከብድ ያ ዝቃጭ ነው። ከታች ያለው ዝቃጭና ከላይ ያለው ቅርፊት ተደምረው ከጥልቀቱ ሲሶ ከደረሱ መምጠጫ መኪና ይጥሩ። በደንብ የተሠራ ሴፕቲክ በተለመደ ቤተሰብ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያል። ዝቃጩ ጥቂት ሆኖ ውሃው ግን ሙሉ ከሆነ፣ ችግሩ ውሃው የሚሰርግበት ጉድጓድ ነው። ይህን በመኪና ማስመጠጥ ለሳምንት ያህል ነው የሚያገለግለው። መሠረቱ በድንጋይ ብቻ ተደርድሮ ያልተለሰነ ጉድጓድ ከሆነ ደግሞ፣ ከተመጠጠ በኋላ ማንም ሳይጠቀምበት በጥቂት ቀን ውስጥ ተመልሶ ሲሞላ ያያሉ፤ የሚሞላው ከአፈሩ ነው።

ስለዚህ መምጠጫ መኪናውን በበጋ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይጥሩ። የተቀበረው የፕላስቲክ ሴፕቲክ ከሆነ በክረምት ሙሉ በሙሉ ባዶ ማድረግ አደጋም አለው፤ ዙሪያው ያለው ውሃ እንደ ጀልባ ወደ ላይ ያነሳውና ቧንቧውን ይሰብራል። የግድ ከሆነ ግማሹን ብቻ ያስመጥጡ፣ ወይም ወዲያው በንጹሕ ውሃ ይሙሉት።

የጣሪያ አሸንዳ ወደ ጉድጓዱ የሚወርድበት ግቢ ካለ መጀመሪያ እሱ ይነቀል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 2,000 ሊትር በአንድ ከሰዓት ጉድጓዱ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ይህን የሚችል የቤት ጉድጓድ የለም።

ዘላቂ መፍትሔው ረባዳ ቦታ ላይ ጠልቆ መቆፈር አይደለም፤ ሲጠልቅ ውሃውን ይበልጥ ያገኘዋል። ሴፕቲኩ ውሃ በማያስገባ ሲሚንቶ ይለሰን፣ ማስረጊያው ደግሞ ጥልቀቱ አንሶ ርዝመቱ ይጨምር፦ ጠጠር የተሞላ ቦይ ከነቀዳዳ ቧንቧው። ቦታው ከፈቀደ መሬቱን በአፈር ከፍ አድርጎ ቦዩን እዚያ ላይ መሥራት ይሻላል። ግቢው ውስጥ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ካለ ከማስረጊያው ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

ከተገጠመ ጀምሮ ደካማ ከሆነ

አራት ነገር ይፈትሹ።

የቧንቧው ተዳፋት። ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት። 4 ሜትር ርቀት ላይ ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ግንበኛው ቧንቧውን ሲቀብር ውሃ ልክ ካልያዘ፣ መሀሉ ሆድ ያወጣና ቆሻሻ ሁልጊዜ እዚያ ይተኛል። ክርኖቹም ባለ 90 ከሚሆኑ ሁለት ባለ 45 ተገናኝተው ቢሠሩ ቆሻሻው ሳይጋጭ ይታጠፋል።

ሁለት ሲፎን። መቀመጫው የራሱ ሲፎን አለው። ከሥሩ ወለሉ ውስጥ ሌላ የፒቪሲ ሲፎን ከተቀበረ በሁለቱ መሀል አየር ይታሰርና ፍላሹን ይይዘዋል። ድሮ ቁጢጥ የሚባልበት የነበረ፣ በኋላ መቀመጫ የተተከለበት ሽንት ቤት ላይ ይህን ይጠርጥሩ።

ያልተዛመደ ታንክና መቀመጫ። ለ9 ሊትር የተሠራ አሮጌ መቀመጫ ላይ ታንኩ ሲሰበር ባለ 6 ሊትር ከተተካበት፣ ሁለቱም ደህና ሆነው አብረው አይሠሩም።

አራተኛው በብዛት የሚገኘው ነው፦ ሲሚንቶ። መቀመጫው በሲሚንቶ ተለጥፎ ሲተከል፣ የተጨመቀው ልስን ወደ ቧንቧው አፍ ይገባና እዚያው ይደርቃል። 110 የነበረው ወደ 70 ይጠባል፣ ሻካራውም ሶፍት ይይዛል። ይህ ከላይ በምንም አይጠራም፤ መቀመጫው ይነሳል። ውሃውን ዘግተው ታንኩን ባዶ ያድርጉ፣ የመቀመጫውን ውሃ በስፖንጅ ይጨርሱ፣ ዙሪያውን ያለውን ሲሚንቶ በቀጭን መሮ ቀስ እያሉ ከወለሉ በኩል ይምቱ፤ ሴራሚኩን በቀጥታ አይምቱ። ከተነሳ በኋላ የቧንቧውን አፍ በጨርቅ ይድፈኑና የደረቀውን ሲሚንቶ ይፈልፍሉ፤ ፍርካሹ ወደ ውስጥ ከወደቀ ድካምዎ ሁሉ ወደ ማንሆሉ ተዛወረ ማለት ነው። ሲመልሱት መውጫውን በጎማ ማገናኛ ያገናኙ፣ እግሩን በብሎንና በፊሸር ይሰሩ፣ ዙሪያውን ሲልከን ይቀቡና 24 ሰዓት አይቀመጡበት።

ሲደርቅ 10 ቁራጭ ሶፍት ጠቅልለው ይጣሉና አንድ ጊዜ ብቻ ፍላሽ ያድርጉ። አንድ ሰው ክፍት ማንሆሉ አጠገብ ይቁም። ሶፍቱ ከውሃው ጋር አብሮ ካለፈ ሥራው አልቋል፤ ውሃው አልፎ ሶፍቱ ከቀረ ቧንቧው ውስጥ የቀረ ነገር አለና ማንሆሉን ሳይከድኑ ቱቦውን ያምጡ።